የስልክ ቁጥር ቁልፍ አይሆንም፦ የኮንዶሚኒየም ዋይፋይ በድሬዳዋ

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የቀኑ ሙቀት ገና ከብሎኬቱ ሳይወጣ፣ ሳቢያን በኩል ካለ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቆሞ የስልኩን ዋይፋይ የከፈተ ሰው ሃያ፣ ሠላሳ ስም ይደረደርለታል። ግማሹ ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ነው። ቀሪው የአባወራው ስም፣ የልጅ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ አንዳንዴም «ፓስወርድ አትጠይቁኝ» የሚል ምሬት ነው። ከሁሉም ጎን የቁልፍ ምልክት አለ። ቁልፉ ምን ያህል እንደሚጠነክርና ቅጂው በስንት ሰው ኪስ እንዳለ ግን ምልክቱ አይናገርም።

ግቢ ያለው ቤት ሲግናሉ አጥሩ ጋ ሲደርስ ይዳከማል፤ ሊጠልፍ የሚፈልግም ውጭ መንገድ ላይ መቆም አለበት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ያለው ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ ሌሊቱን ሙሉ መሞከር ይችላል። ድሬ ላይ ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት በርና መስኮት ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ የሳሎን ተቀጥላ ነው፤ ከሰዓት በርጫ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ውኃ ከመጠየቁ በፊት ፓስወርድ ይጠይቃል። መከልከል ነውር ነው። እምቢ ማለትን የሚጠይቅ መከላከያ ስለዚህ እዚህ ከተማ ብዙ አይቆይም፤ ፓስወርዱ በሳምንቱ ተመልሶ ኮሪደር ላይ ይገኛል።

ፍርሃቱንም በልኩ ማድረግ ያስፈልጋል። ዋይፋይዎ ውስጥ የገባ ጎረቤት የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርዎን ከአየር ላይ አያነብም። የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች ከስልኩ እስከ ሰርቨሩ የራሳቸው ምስጠራ አላቸው። እሱ የሚደርሰው ሌላ ቦታ ነው፦ ቴሌቪዥንዎ ላይ የራሱን ቪዲዮ ይለቃል፣ ፓስወርዱ ያልተቀየረ ካሜራ ይከፍታል፣ ኮምፒውተር ላይ ሼር የተደረገ ፎልደር ያያል። ከሁሉም የከፋው የራውተሩን የሴቲንግ ገጽ መክፈቱ ነው። እዚያ የገባ ሰው የዲኤንኤስ (የድረገጽን ስም ወደ ትክክለኛው ሰርቨር የሚመራው አገልግሎት) አድራሻውን ቀይሮ ቤተሰቡ የሚከፍታቸውን ድረገጾች ወደፈለገው ቦታ መምራት ይችላል።

መስመሩ በማን ስም ነው የሚለውም አለ። በእርስዎ ዋይፋይ የተላከ ማጭበርበሪያ ወይም ዛቻ ዱካው ተከትሎ ሲኬድ የሚያደርሰው ውሉን የፈረመው ሰው ቤት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የሰው ኔትወርክ ውስጥ መግባትን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል። ፓስወርዱን በእጅዎ ሰጥተው ከሆነ ግን «ያለፈቃድ» የሚለውን ቃል ማስረዳት ይከብዳል።

መቶ ሚሊዮን ብዙ ይመስላል

አገራችን ውስጥ በጣም ከተለመዱት የዋይፋይ ፓስወርዶች አንዱ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር ነው። አይረሳም፣ አሥር አሃዝ ስለሆነም ረጅም ይመስላል። ጎረቤት ስልክዎን ማወቁን እንኳ ለጊዜው እንተወው፤ ሂሳቡን ብቻ እንይ። በ09 የሚጀምር ቁጥር ቀሪው 8 አሃዝ ስለሆነ ጠቅላላው 100 ሚሊዮን ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ሙከራውን በድሬዳዋ ሲጀምር 07 መጣ፤ ሌላ 100 ሚሊዮን ተጨመረ።

አሁን ሌባው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሌባው ራውተርዎ ላይ ፓስወርድ እየደጋገመ አይሞክርም። ስልክዎና ራውተሩ ሲገናኙ በአየር ላይ የሚለዋወጧትን አጭር ሰላምታ ቀድቶ ይወስድና ሙከራውን በራሱ ማሽን ላይ ያደርጋል። ራውተሩ ምንም አያይም፣ አይቆልፍም፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ለጌም የሚሸጥ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ግምት መሞከር ይችላል። በዚህ ፍጥነት የ09 ቁጥሮች በሙሉ በ100 ሰከንድ ያልቃሉ፤ 07 ሲጨመር ከሦስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ግራፊክስ ካርድ የሌለው ተራ ላፕቶፕ በሰከንድ 5,000 ቢሞክር እንኳ 09ን ለመጨረስ አምስት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። አንድ እንቅልፍ ነው።

ሰላምታውን ለመቅዳትም እኛ ጋ ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሕንፃው ራውተር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ በየቤቱ ያለው ስልክም አንድ ላይ ይገናኛል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሃያ ቤት ሰላምታ አየር ላይ ነው።

የልደት ዓመት፣ የልጅ ስም ከ123 ጋር፣ የመኪና ታርጋ፣ ሁሉም የዚሁ ዘመድ ናቸው። የሚያዋጣው እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ቃላት ነው፦ ለምሳሌ ጀበና፣ ባቡር፣ ሽንብራ፣ ማክሰኞ፣ መሰላል የሚል ዓይነት። ይህችን ምሳሌ ራሷን ግን አይውሰዱ፤ ታትማለች። ቃላቱን ከራስዎ አያፍልቁ፤ መጽሐፍ በዘፈቀደ እየገለጡ ዓይንዎ ያረፈበትን ይውሰዱ። የተረትና የዘፈን ስንኝ አይሆንም፣ ቃላቱ ተከታትለው የታወቁ ናቸውና። ከ2,000 የተለመዱ ቃላት ውስጥ በዕጣ የወጡ አምስት ቃላትን ያ ግራፊክስ ካርድ ለመጨረስ ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። አራት ቢሆኑ ስድስት ወር ነው። የአንዷ ቃል ልዩነት ይህን ያህል ነው።

ራውተሮች በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ፓስወርድ ስለማይቀበሉ ቃላቱን በላቲን ፊደል መጻፍ ግድ ነው። እዚህ ላይ ጥቅምም ጉዳትም አለ። «ሽንብራ»ን ሁላችንም በላቲን በየራሳችን መንገድ ነው የምንጽፈው፤ ለገማች ይህ ተጨማሪ ራስ ምታት ነው። ለአክስትዎ ስልክ ላይ ሲያስገቡም እንዲሁ ራስ ምታት ነው፤ አጻጻፉን አንድ ጊዜ ወስነው ወረቀት ላይ ያስፍሩት። የተፈቀደው ርዝመት ከ8 እስከ 63 ፊደል ስለሆነ ቦታ አይጠብም።

ለአንድ ሰው የተሰጠ ለሁሉም ተሰጠ

ጠንካራ ፓስወርድም ቢሆን ከእጅ እጅ መዞሩ አይቀርም። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በኋላ የወጡ ስልኮች የተገናኙበትን ዋይፋይ በካሬ ኮድ (QR) ያሳያሉ፤ ብዙዎቹ ከኮዱ ሥር ፓስወርዱን በግልጽ ይጽፉታል። ሦስተኛ ፎቅ ላለችው ሰፈርተኛ የሰጡት፣ በእሷ በኩል ለወንድሟ፣ በእሱ በኩል ለጓደኛው ይደርሳል። ማንም ክፉ አላደረገም። ፓስወርድ የሚያጋሩ መተግበሪያዎችን የጫነ እንግዳ ደግሞ የእርስዎን ዋይፋይ ሳያውቀው ለማያውቃቸው ሰዎች ሊያወጣው ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ዋይፋይ ማቆም ነው፦ አንዱ የቤት፣ ሌላው የእንግዳ። አብዛኛው ራውተር፣ ከፋይበር መስመር ጋር የሚገጠመውም ጭምር፣ ከአንድ በላይ ስም ማውጣት ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ «ጌስት ኔትወርክ» ተብሎ ይገኛል፤ ያለዚያም ዋናው ስም ባለበት ገጽ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ የዋይፋይ ስም ለማብራት ቦታ አለ። የቤቱ ስም ላይ የቤተሰቡ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ካሜራና ኮምፒውተር ብቻ ይግቡ። የእንግዳው ፓስወርድ በካሬ ኮድ ታትሞ ሳሎን ግድግዳ ላይ ቢለጠፍም ችግር የለውም፤ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮዱን ቀይሮ አዲሱን መለጠፍ ነው። ራውተሩ ከፈቀደ ፍጥነቱን ይገድቡለት። ለጎረቤት መስጠት ይቀጥላል፤ ቤቱ ግን አብሮ አይሰጥም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ሁለተኛ ስም ማብራት ብቻውን መለያየት አይደለም። በአንዳንድ ራውተሮች ሁለቱም ስሞች ወደ አንድ ክፍል የሚያስገቡ ሁለት በሮች ናቸው። ሙከራው ቀላል ነው፦ ስልክዎን በእንግዳው ዋይፋይ ያገናኙ፣ ሞባይል ዳታውን ያጥፉ፣ ብራውዘር ከፍተው የራውተሩን አድራሻ ያስገቡ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው፤ ከራውተሩ ሆድ ሥር ተለጥፏል። የመግቢያው ገጽ ከመጣ እንግዳዎም ይመጣለታል ማለት ነው። «አይሶሌሽን» (Isolation፣ መለያየት) የሚለውን ምልክት ፈልጎ ማብራት፣ እሱ ከሌለ ሌላ ራውተር ማሰብ ይኖርብዎታል።

ራውተሩ ውስጥ ሲገቡ

የመጀመሪያው ሥራ የሴቲንግ ገጹን ፓስወርድ መቀየር ነው። ይህ ከዋይፋይ ፓስወርዱ የተለየ ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥም እስከ ዛሬ «አድሚን» እንደተባለ ነው። ቀጥሎ ከውጭ ማስተዳደርን የሚፈቅደው ምርጫ ተከፍቶ እንደሆነ ይዝጉት።

ከዚያ የምስጠራው ዓይነት። ዌፕ (WEP) እ.ኤ.አ. በ2001 የተሰበረ ነው፤ ዛሬ እሱን የሚጠቀም ቤት በሩን እንደከፈተ ይቆጠር። ደብሊውፒኤ2 (WPA2) እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው፤ ጠንካራ ፓስወርድ ካለው አሁንም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ደብሊውፒኤ3 (WPA3) ያንን ሰላምታ ቀድቶ ቤት ወስዶ መገመትን ይከለክላል፤ ፓስወርዱን የሚያውቅ ጎረቤት እንኳ የሌላውን ሰው ትራፊክ ቀድቶ እንዳይፈታው ያደርጋል። ደብሊውፒኤ2 ላይ ይህ የሚቻል ነው። ሁለቱን የሚያጣምር ምርጫ ካለ እሱን ይያዙ፤ ብቻውን ደብሊውፒኤ3 ካደረጉት የቆየ ስልክና ቴሌቪዥን አልገናኝም ይላል። ከምስጠራው ጎን ኤኢኤስ (AES) እና ቲኪፕ (TKIP) የሚል ምርጫ ካለ ኤኢኤስን ይምረጡ። ቲኪፕ ደካማ ከመሆኑም በላይ ራውተሩን በሰከንድ ከ54 ሜጋቢት በላይ እንዳይሄድ ይይዘዋል፤ «ኔቱ ተንቀራፈፈ» የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ ጥፋቱ ያለው እዚህች ምርጫ ላይ ነው።

ደብሊውፒኤስ (WPS) የሚባለውን ያጥፉት። በአንድ ጭነት ወይም ራውተሩ ላይ በተለጠፈ ባለ 8 አሃዝ ቁጥር የሚያገናኘው ነው። 8 አሃዝ 100 ሚሊዮን ሊሆን ይገባ ነበር። የመጨረሻዋ አሃዝ ግን ከቀሪዎቹ የምትሰላ ማረጋገጫ ናት፤ ራውተሩም የመጀመሪያዎቹን 4 እና ቀጣዮቹን 3 ለየብቻ ነው ትክክል ናቸው ወይስ አይደሉም ብሎ የሚመልሰው። ስለዚህ የሚሞከረው 10,000 ሲደመር 1,000፣ በድምሩ 11,000 ብቻ ነው። ቀዳዳው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ይፋ ወጥቷል። ፓስወርድዎ ምንም ያህል ቢረዝም በዚህ በር ይታለፋል።

የዋይፋዩን ስም መደበቅና የመሣሪያ አድራሻ (MAC) እየመዘገቡ መፍቀድ፣ ብዙ ባለሙያ ነኝ ባይ የሚመክራቸው፣ ድካማቸው ብቻ ነው የሚተርፈው። የተደበቀ ስም የቤቱ ስልክ ሲገናኝ በአየር ላይ ይጠራል። የመሣሪያ አድራሻም ሳይመሰጠር ስለሚተላለፍ የሚሰማ ሰው ቀድቶ የራሱ ያደርገዋል።

ራውተሩን ከድሬዎቹ የታይዋን ወይም የአሸዋ ገበያ ያገለገለ ገዝተው ከሆነ፣ ወይም ተከራይተው የገቡበት ቤት ውስጥ ያገኙት ከሆነ፣ የቀድሞው ሰው ሴቲንግ አብሮ መጥቷል። ተከራይ በየዓመቱ በሚለዋወጥበት ብሎክ የቀድሞው ተከራይ ሁለት በር አልፎ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ስልኩም አሁንም ይገናኛል። ከኋላ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ወይም በወረቀት መያዣ ሽቦ 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሪሴት ማድረግ ያጸዳዋል። ግን ቆይ! ሪሴት የመስመሩን የመግቢያ ስምና ፓስወርድም አብሮ ያጠፋል። እነዚህ ከሌሉ ራውተሩ ይበራል፣ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ከሪሴት በፊት ገጹ ላይ ያለውን የመስመር ሴቲንግ በሙሉ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ፓስወርዱ በነጥቦች ተሸፍኖ ከታየና ውሉ ላይም ካልተጻፈ፣ የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ከሆነ አስቀድመው 994 ደውለው ያግኙት። በፋይበር መስመር ላይ ሳጥኑ የድርጅቱ ንብረት ከሆነ ሪሴቱን ትተው የዋይፋይና የገጹን ፓስወርድ መቀየር ብቻ ይበቃል።

ክፍያ ለሚካፈሉ ቤቶች

ሁለት ወይም ሦስት ቤት አንድ መስመር ይዘው ወርሃዊውን የሚካፈሉበት ብሎክ ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ቤት ዋናው ራውተር ይቀመጣል፣ ከእሱ በኬብል ወደ ጎረቤት ይሳባል፣ ጎረቤትም የራሱን ትንሽ ራውተር ይተክላል። ሁለቱም «ተለያይተናል» ይላሉ። ተለያይተዋል፤ በአንድ ወገን ብቻ። ከሁለተኛው ራውተር ጀርባ ያለው ጎረቤት ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በመጀመሪያው ቤት ኔትወርክ አልፎ ስለሆነ የዚያን ቤት ካሜራና ፕሪንተር ማግኘት ይችላል። የመጀመሪያው ቤት ግን ወደ ጎረቤቱ ማየት አይችልም። መስመሩ በስሙ የሆነው፣ ዕዳውንም ኃላፊነቱንም የተሸከመው ሰው፣ ይበልጥ የተጋለጠው ሆኖ ይገኛል።

የሚስተካከለው በአንድ ተጨማሪ ራውተር ነው። የመስመሩ ራውተር ዋይፋዩ ይጠፋና አከፋፋይ ብቻ ይሆናል። ከእሱ ሁለት ኬብል ይወጣል፤ አንዱ ወደ ባለቤቱ ራውተር፣ አንዱ ወደ ጎረቤቱ፣ ሁለቱም ሰማያዊ በሆነው ወይም «ዋን» (WAN) በተባለው ቀዳዳ ይሰካሉ። ሦስት ቦታ ሦስት የአድራሻ ክልል ይስጡ፦ ለምሳሌ ዋናው 192.168.1፣ ባለቤቱ 192.168.10፣ ጎረቤቱ 192.168.20። ሁለቱ ራውተሮች ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ክልል ከያዙ ገጽ ይከፈታል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይከፈታል፤ የኬብል ችግር እየመሰለ ቀናት ያስፈጃል። የአከፋፋዩ የሴቲንግ ገጽ ፓስወርድ በባለቤቱ እጅ ብቻ ይቆይ።

ሌባ ነው ወይስ ጫጫታ?

ኔቱ ሲዘገይ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ጎረቤት ነው። ኮሪደር ላይ ጭቅጭቅ ከመጀመርዎ በፊት የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ይክፈቱ፤ የማያውቁት ስም ግን የግድ ሌባ አይደለም። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የዘፈቀደ የመሣሪያ አድራሻ ይጠቀማሉ፤ የራስዎ ስልክ በማያውቁት አድራሻ ተመዝግቦ ሊያገኙት ይችላሉ። ምልክቱ ከአድራሻው መጀመሪያ ሁለተኛዋ ፊደል ወይም አሃዝ ላይ ነው፤ 2፣ 6፣ ኤ (A) ወይም ኢ (E) ከሆነች አድራሻው የዘፈቀደ ነው። አስተማማኙ መንገድ የቤቱን መሣሪያዎች ሁሉ አጥፍቶ በአንድ ላፕቶፕ ብቻ፣ በኬብል፣ ዝርዝሩን ማየት ነው። የቀረ ካለ የእርስዎ አይደለም።

ዝርዝሩ ንጹሕ ሆኖ ኔቱ ማታ ማታ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ጥፋቱ የሕንፃው ጫጫታ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ባለ አምስት ወለል ብሎክ፣ በየወለሉ አራት ቤት ቢኖር፣ በየቻናሉ ሰባት ያህል ራውተር ተራ ይጠብቃል፤ ከማዶ ያለው ብሎክ ሳይቆጠር። ቻናሉን 3 ወይም 8 ላይ ማድረግ ብልህነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከሁለት ወገን ጫጫታ መስማት ነው። የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ አድርገው ከሦስቱ ይበልጥ ባዶ የሆነውን ይያዙ፤ የሚችሉትን መሣሪያዎች በሙሉ ደግሞ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ያዛውሩ። 5 ጊጋኸርዝ ብሎኬት ግድግዳን ለማለፍ ይቸገራል፤ ለኮንዶሚኒየም ይህ በረከት ነው። ባለ አንድ ወይም ሁለት መኝታ ቤት ከሆነ የሲግናል ኃይሉን ወደ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ ማውረድም ይቻላል። ሌባን አያቆምም፣ ትልቅ አንቴና ያለው አሁንም ይሰማልና፤ የጎረቤትን ዋይፋይ መረበሽ ግን ይቀንሳል።

የራውተሩ ቦታም አለ። ብዙ ሰው ኮሪደር ለሚቀመጡት እንዲደርስ ብሎ በሩ አጠገብ ያንጠለጥለዋል፤ ወይም ፍሪጅ ላይ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። አብዛኛው የቤት ራውተር የተሠራው እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ አካባቢ ነው። የድሬን ሰኔ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የሚተርፈው ጥቂት ዲግሪ ነው፤ ያንን ዳንቴሉ ይበላዋል። ከሰዓት ተቋርጦ ሌሊት ራሱ የሚስተካከል ኔት ሲያጋጥም መጀመሪያ እጅዎን ራውተሩ ላይ ያሳርፉ። ካቃጠለ፣ ዳንቴሉን አንስተው ቤቱ መካከል፣ ግድግዳ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይስቀሉት፤ ከዚያ በላፕቶፕና በኬብል ፍጥነቱን በጠዋትና በማታ ይለኩ። በኬብልም ማታ ከቀነሰ ችግሩ ከቤትዎ ውጭ፣ መስመሩ ላይ ነው።